ሐይቁ የሚያበቃበት ዛፍ

በዚያ ዓመት ውኃው ሲሸሽ ዛፎቻችን ፀጉር አብቅለው ቀሩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከቁሐር ሚካኤል ወደ ጣና ሲወረድ፣ ሜዳው ከመለጠጡ የተነሣ ሰማዩ ከመሬት የሚነሣ የሚመስልበት ቦታ ላይ ነው። ከደጃችን አንሥቶ እስከ ውኃው ዳር ዘጠኝ ግራሮች በአንድ መስመር ይወርዳሉ፤ የመጀመሪያው በራችን አጠገብ፣ ዘጠነኛው ሐይቁ ጫፍ ላይ። በክረምት ውኃው ይመጣና ታችኞቹን ግራሮች እስከ ወገባቸው ይውጣል። ከመስቀል በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ገበሬውም እግር በእግር እየተከተለ እርጥቡ ጭቃ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። እንዲህ ያለውን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። የእኛ ማሳ ከሁለተኛው ግራር እስከ ስምንተኛው ነበር። ሌላ መሬት አልነበረንም።

የዚያ ዓመት ጎርፍ እምቦጭ ይዞ መጣ። አረሙ ለአገሩ አዲስ ነበር። ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ውኃው ሲሄድ ግን እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቅና ረጃጅም ጥቁር ሥሮቹ ቁልቁል ይወርዳሉ። ከአምስተኛው ግራር ጀምሮ ወደ ታች ያሉት ዛፎች ሁሉ ፀጉራቸውን በፊታቸው ለቀው የቆሙ ሴቶች መሰሉ። ነፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። ከብቶቹ በአጠገባቸው ማለፍ እምቢ አሉ፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም።

አባቴ ማረው በዚያው ነሐሴ ለታንኳ መሥሪያ የሚሆን ደንገል ሊያጭድ በታንኳ ወጥቶ አልተመለሰም። ታንኳዋ በአራተኛው ቀን ተገልብጣ ተገኘች። ሊፈልጉት የወጡት ሰዎች፣ እምቦጩ ሐይቁን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት ስለነበር፣ ከላይ ከላይ ቀዝፈው ተመለሱ። ለቅሶው ያለ ሬሳ ተለቀሰ። ለእኔ የተነገረኝ ሐይቁ ወሰደው የሚል ነው። ሬሳ ስላላየሁ ሞት የሚባለውን ነገር ከእሱ ጋር ማገናኘት አቃተኝ። የተወሰደ ሰው የሆነ ቦታ አለ ብዬ አሰብኩ፤ ቦታው ደግሞ ከደጃችን ይታያል።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። ሐይቁን ልታጠና ከወረታ የመጣችው ባለሙያ ሰብሪና ትባላለች። እናቴ ጨውና ሳሙና የምትገዛበት ሱቅ ባለቤት የመሐመድዘይን ልጅ ስለሆነች ግማሹ ሕዝብ ከባንኮኒ ጀርባ ስታድግ ያውቃታል። ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ቦቲዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ነገሩን ሳትቸኩል አስረዳች። ክልሉ ለሐይቁ ኮሚሽን ሊያቋቁም ነው። እስከ ዛሬ አንዱ ቢሮ እረሱ ይላል፣ ሌላው አትረሱ ይላል፤ አንዱ ፓምፕ ይሰጣል፣ ሌላው ፓምፑን ይከለክላል፤ ዓሣው የአንዱ ነው፣ አረሙ የማንም አይደለም። ከእንግዲህ ሐይቁን መጠበቅና ዳርቻውን ማልማት በአንድ ቤት ሥር ይሆናል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ሐይቁ የት ላይ እንደሚያበቃ መታወቅ አለበት። ከመስመሩ በታች አይታረስም፤ ደንገል ይተከልበታል። ማሳው ከመስመሩ በታች ለዋለበት ገበሬ፣ ኮሚሽኑ ሲቋቋም፣ ሌላ መተዳደሪያ ይፈለግለታል።

«ሲቋቋም» የምትለዋን ሰዉ በደንብ ሰምቷታል።

አባ ወልደ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ሐይቁ የት ላይ ያበቃል ብለሽ ጠየቅሽን» አሉ። «በየትኛው ወር?»

ሳቅ ሆነ። እሷም ሳቀች። «በክፉው ወር፣ አባ። በነሐሴ» አለቻቸው።

ሦስት ቀን ከማሳ ማሳ ዞረች። ሁሉም ውኃው የቆመው ከራሱ ማሳ በታች እንደሆነ ነገራት። በአራተኛው ቀን ሰዉን እንደገና ሾላው ሥር ሰበሰበችና ደብተሯን ዘጋች። ማንንም አልተቆጣችም፤ በእነሱ ቦታ ብትሆን እሷም ያንኑ እንደምትል ተናገረች። ግን ከእንግዲህ ሰው አትጠይቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መለኪያ ይዛ ትመለሳለች፤ የምትጠይቀውም እምቦጩን ነው። እምቦጭ እስከተንጠለጠለበት ዛፍ ድረስ ያለው የሐይቁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የሰው።

ይህን በአደባባይ መናገሯ ስህተት ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ እኔ ባለሁበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ግልጽነት ግልጽነትን ይመልሳል ብላ ታምን ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጬ አንድ ነገር ይዤ ተመለስኩ፦ እምቦጭ ያለበት ቦታ ሁሉ የሐይቁ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ማለዳ፣ ሽንቴ መጥቶ ወጣሁ። ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሜዳውን ሞልቶት ነበር፤ ከደጃችን ያለው የመጀመሪያው ግራር ይታያል፣ ሁለተኛው ጥላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጉሙ ሲሳሳ ብቅ ይላሉ፣ ሲወፍር ይጠፋሉ። ፊቴን ወደ ማሳው እንዳዞርኩ ጉሙ ሳሳና አምስተኛው ግራር ሥር የቆመ ሰው አየሁ።

የአባቴን ካቦርት ለብሷል። ከወረታ ሰልባጅ የገዛው፣ እስከ ቅልጥሙ የሚደርስ፣ ትከሻው የሰፋ የወታደር ካቦርት ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ራሱን በፎጣ ጠምጥሟል። ግን ከአባቴ ይረዝማል። አባቴ ከዛፉ ታችኛው ቅርንጫፍ ሥር ጎንበስ ሳይል የሚያልፍ ሰው ነበር፤ የዚህኛው ራስ ከቅርንጫፉ በላይ ነው። ሐይቁ ሳበው፣ ውኃ ውስጥ የከረመ ነገር ይለጠጣል ብዬ አሰብኩ። እጆቹን አንሥቶ የዛፉን ፀጉር ያበጥራል። አንድ እፍኝ ይነቅላል፣ ወደ ጎኑ ያወርዳል፣ እንደገና ይዘረጋል። የሚሰማው መንኮሻኮሹ ብቻ ነው።

አልጠራሁትም። በጉም ውስጥ ሰው በስሙ ሲጠራ የሚመጣው የተጠራው አይደለም እያሉ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ወደ ቤት ተመለስኩ። የእናቴ መደብ ላይ ጋቢው ጉብ ብሎ ይታያል፤ ተኝታለች ብዬ ወደ ራሴ መደብ ገባሁ። ሁለተኛ ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች፤ እናቴ ምድጃ አጠገብ ናት፤ ካቦርቱ እንደወትሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። ጫፉ እርጥብ ነው። እጅጌው ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር ሥር ተጣብቋል። ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል።

ስለዚህ እኔ ስተኛ ገብቶ ነበር። ልብሱን ሰቅሎ ሄዷል።

በማግሥቱ ስድስተኛው ግራር ላይ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ሰባተኛው ላይ። አበጥሮ የጨረሰው ዛፍ ራቁቱን ይቀራል፤ እሱም በየቀኑ አንድ ዛፍ ከእኛ ይርቃል። በዚያ ሰሞን ከማላውቀው ሰው ጋር እንደምኖር ያህል እናቴን እሰልላት ጀመር። ታውቃለች ብዬ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲያ የሚኖረው የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ቻላቸው፣ መጥቶ ከእሷ ጋር በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ደረስኩ። የሰማሁት የእሱን መጨረሻ ብቻ ነው፦ «አራቱ ይበቃል፣ እታለም። ዘጠነኛው እንዳለ ይቅር፤ ያለዚያ ይጠረጥራሉ።» እናቴ ስታየኝ ዝም አለች። እሱ ራሴን ዳበሰኝና «በላይነህ፣ ሌሊት እንቅልፍ ትተኛለህ?» ሲል ጠየቀኝ። እተኛለሁ አልኩት።

አራት ዛፍ። በአራተኛው ቀን ስምንተኛው ግራር ላይ ነበር፤ ጉሙ እየዋጠው፣ ቁመቱ ከሩቅ አንሶ። በአምስተኛው ቀን ደጁ ላይ ቆሜ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። ካቦርቱን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።

ያን ዕለት ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባቴ የሐይቁ ሆኗል። የሐይቁ የሆነ ሰው መሄድ የሚችለው የሐይቁ በሆነ መሬት ላይ ነው፤ ይህን የመሐመድዘይን ልጅ በሰው ፊት ተናግራለች። ፀጉሩን ከዛፎቹ ላይ ሲያወርድ መንገዱን በገዛ እጁ እየዘጋ ነበር። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። ግን እምቦጩ ተመልሶ ዛፍ በዛፍ እስከ ደጃችን ቢሰቀል፣ እስከ ደጃችን መምጣት ይችላል።

በማግሥቱ የወረታ ገበያ ነበር። እናቴ ሩዝ ልታስፈትግ ሄደች፤ እኔን ለአጎቴ አደራ ሰጠችኝ፤ አጎቴም ሩዝ አጨዳ ላይ ስለነበር ረሳኝ። ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውኃው ሲሸሽ ዳር ዳሩን ክምር የደረቀ እምቦጭ ጥሎ ሄዷል። ዘጠነኛው ግራር ሥር ትልልቅ የጫማ ዱካ አለ፤ የአባቴ ቦቲ ነው፤ ውስጡ ውኃ አቁሯል። እግሬን ከተትኩበት፤ ውኃው ሞቅ ያለ ነበር። ዞር ስል ሐይቁ ምንም አይንቀሳቀስም። ወፎቹ እንኳ ውኃው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ወደ እኔ የሚያዩ መሰለኝ።

በጆንያ እየጎተትኩ ከስምንተኛው ጀመርኩ። እጄ የሚደርስበት ድረስ እየተንጠራራሁ እሾሁ ላይ ሰቀልኩ። ሰባተኛው፣ ስድስተኛው፣ አምስተኛው። እስከዚህ ድረስ የነበረውን መመለሴ ነው። ከዚያ ውኃው ፈጽሞ ያልደረሰባቸውን ዛፎች ጀመርኩ፤ አራተኛው፣ ሦስተኛው። እጄ ደምቷል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ፍርሃት ያዘኝ። ሐይቁ የወሰደው አባቴን ብቻ አይደለም። በአጎቴ የልጅነት ጊዜ የሰጠሙ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ከዚያ በፊትም ስማቸው የጠፋ። መንገዱ ከተከፈተ ለሁሉም ነው። ደጃችን ጋ ስደርስ ለረጅም ጊዜ አመነታሁ። በመጨረሻ መጀመሪያው ግራር ላይ አንዲት ቀጭን ዘለላ ብቻ ሰቀልኩ፤ አንድ ሰው ብቻ እንድታሳልፍ።

እዚህ ላይ ሰባት ዓመት ቆይቶ የሆነውን መናገር አለብኝ። ወረታ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ እናቴ በቀን ሥራ ከምትውልበት የሩዝ ወፍጮ ቤት ልወስዳት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ራሷን በፎጣ ጠምጥማ፣ ሽቦ ላይ የተሰጣ ባዶ ጆንያ ታወርዳለች። አንድ ትነቅላለች፣ ወደ ጎኗ ታወርዳለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። በሩ ላይ ደርቄ ቆምኩ። ዞራ አየችኝና ምን ሆንክ አለችኝ። ፀሐይ ነው አልኳት።

እሷም ከሌላው ጎረቤት የተለየ ነገር አላደረገችም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ፎገራ ላይ ማለዳ ማለዳ ስንት ሰው በጉም ውስጥ ዛፉን ሲያበጥር እንደነበር ዛሬ ማንም አይደብቀውም። እሷ የባሏን ካቦርትና ቦቲ ያደረገችው እሾህ ስለሚወጋት ነው፤ ያወረደችውንም እስከ ውኃው ዳር ወስዳ ትጥል ነበር። ጋቢውን መደቡ ላይ የከመረችው እኔ ስነቃ እንዳልደነግጥ ነው።

ያን ቀን ከገበያ የተመለሰችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። ፍትጉን ሩዝ እንደተሸከመች በራችን አጠገብ ያለው ግራር ፊት ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ታች አየች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ውኃው ድረስ። ሸክሙን አላወረደችም። እጇን ወደ ዘለላዋ ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው።

«ማን መጣ?» አለችኝ።

ማንም አልመጣም አልኩ። እውነት ነበር፤ ገና አልመጣም። ልነግራት ከንፈሬ ላይ ደርሶ፣ ሲመጣ ታየዋለች ብዬ ተውኩት። ፊቷ የደስታ ፊት አለመሆኑን አይቻለሁ፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ሲደሰቱም አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዛፎቹን ለማራቆት አራት ማለዳ የፈጀባት ሴት ያን ምሽት አንዲት ዘለላ አላወረደችም። ገብታ በሩን በመወርወሪያው ዘጋችው። ከውስጥ መዝጋቷ አናደደኝ።

በማግሥቱ ሰብሪና ሁለት ሠራተኞችና ባለ ሦስት እግር መለኪያ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎቹም አብረው ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ በራቁት ዛፎች መካከል ስትዞር ውላ እኛ ጋ የደረሰችው ቀትር ላይ ነው፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ድካም ነበር። የእኛን ግራሮች ስታይ ቆመች። ሰዉም ቆመ። አባ ወልደ ሥላሴ አማተቡ።

ያስደነገጣቸው እምቦጩ መኖሩ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ወደ ቤታችን ሲመጣ በትንሹ ከፍ ይላል፤ እምቦጩ ግን በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ከመሬት እኩል ቁመት ላይ ነው የተንጠለጠለው። እንዲህ የሚሆነው ውኃ ዳገት ሲወጣ ነው። እኔ አሁን ውኃ ምሕንድስና እየተማርኩ ነውና ይህን በወረቀት ላይ ማሳየት እችላለሁ፤ እነሱ ሳይማሩም አዩት።

«ውኃ እዚህ አልደረሰም» አሉ አባ ወልደ ሥላሴ። «በክህነቴ እነግርሻለሁ።»

«አባ፣ ባለፈውም በክህነትዎ ነግረውኝ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስለ እርስዎ ማሳ።»

እሳቸውም መሬት መሬት አዩ። ሌላ የሚመሰክርልን አልተገኘም፤ ሁሉም የየራሱን ዛፍ ያስታውሳል። ሰብሪና ወደ እናቴ ዞረች። «እትዬ አገኘሁሽ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? የሚከራከሩ ከሆነ እጽፈዋለሁ።»

እናቴ የመጀመሪያው ግራር ላይ ያለችውን ዘለላ አየች። «አልከራከርም» አለች።

ቀይ ቀለም የተቀባው ችካል በራችንና በአጎቴ አጥር መካከል ተቸነከረ። ማሳችን በሙሉ ከመስመሩ በታች ዋለ፤ የአጎቴ ማሳ ከላይ ቀረ። ሰብሪና ከመሄዷ በፊት ተመልሳ አንዱን ግራር ለረጅም ጊዜ ስታየው፣ ከዚያም እኔን፣ ከዚያም የተቧጠጡ እጆቼን ስታይ አስታውሳለሁ። ልጅ ሁሉ እጁ ይቧጠጣል።

ሰዉ ከመበተኑ በፊት እናቴ አጎቴን በሁሉም ፊት «ከአንተ በቀር የሚያውቅ አልነበረም» አለችው።

ገርጥቶ ቆመ። «እታለም፣ ሚካኤል ድረስ ሄጄ ልማልልሽ።»

«አትማል።»

ያን ጊዜ ጥላቻ መሰለኝ። መሐላውን እንኳ መስማት አልፈለገችም ብዬ እኔም አጎቴን ጠላሁት፤ ምን እንዳደረገ ግን አላውቅም ነበር። በየዓመቱ አጨዳ ሲያበቃ አንድ ጆንያ ሩዝ በአጥሩ ሥር ያስቀምጥልናል፤ በየዓመቱ እናቴ በሰው ትመልሰዋለች። በሬዎቹን ሸጠች፤ ወረታ ወፍጮ ቤት ገባች። ካቦርቱን ወደ ጣራ ገዳም ለሚሄድ መነኩሴ ሰጠችው። እኔ ደግሞ አባቴ የሚለብሰው ስለጠፋ ነው የማይመጣው እያልኩ እስከ ክረምቱ ድረስ ደጅ ደጁን አየሁ። በሚቀጥለው ነሐሴ ውኃው መጣ፤ አምስተኛው ግራር ላይ ደርሶ ቆመ። ተመለሰ። እሱ ብቻ ነበር።

ኮሚሽኑ እስኪቋቋም አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ዘንድሮ ወረታ ላይ ጽሕፈት ቤት ከፈተ፤ በሩ ላይም ማስታወቂያ ተለጠፈ። በቀድሞው ጥናት ጊዜ የተቸነከረው ድንበር ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስረጃ ይዞ ይቅረብ ይላል። ፋይሉን ለማየት ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። በካርታው ላይ የቁሐር መስመር ሐይቁን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ይሄድና እኛ ማሳ ላይ ሲደርስ እንደ ጥርስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ሁሉም ቦታ ላይ ሐሰት ነው፤ የእኛ ብቻ ወደ ላይ ነው። በጥርሱ አጠገብ በእርሳስ «ጊዜያዊ፤ ከፍታው እኩል ነው፤ በኮሚሽኑ ይጣራ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሰብሪና እጅ መሆን አለበት። ማጣራት የነበረበት ኮሚሽን ገና አልተወለደም ነበር።

ምስክሩ እኔ ነኝ። ብመሰክር መስመሩ ወደ አምስተኛው ግራር ይወርዳል፤ ከማሳው ግማሹ ይመለሳል። ግን አምስተኛውን ለማስረዳት እናቴ ከአምስተኛው በታች ያደረገችውን ማስረዳት አለብኝ። ከዚያም የጎረቤቱ ሁሉ ድንበር ይነሣል። ለሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ቤት ሄድኩ። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ከሰፌዱ ወዲህ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ጉሙን፣ ካቦርቱን፣ የቦቲውን ዱካ፣ ጆንያውን።

ጠጠር የያዘችበት ጣቷ እንዳለ ቆመ።

«አንተ ነህ የሰቀልከው» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«አባትህ እንዲመጣ።»

«አዎ።»

ሰፌዱ ላይ አቀረቀረች። የተቆጣች መሰለኝ፤ ቀና ስትል ግን ዓይኖቿ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፣ ያኔ ከገበያ ተመልሳ የቆመችበት ፍርሃት ራሱ።

«እኔኮ እሱ መስሎኝ ነበር» አለች። «ቻላቸው እንዳልሆነ ያን ዕለቱን አውቃለሁ። ቻላቸው ረጅም ነው፤ እሱ ቢሰቅለው ከላይ ይሰቅለው ነበር። አባትህ መስሎኝ ነበር፣ በላይነህ። በሕይወቱ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። ልብሱን ለብሼ ዋሸሁ፤ እሱም መጥቶ ሁሉንም መልሶ ሰቀለውና እስከ ደጄ አደረሰው አልኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደተጣላን ነው የኖርነው።»

«ታዲያ አጎቴን ለምን?»

«ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ ባሌ ነው ልበል?» አለች። «የአንድ ሰው ስም መጥራት ነበረብኝ። ሊምል ሲነሣ አስቆምኩት፤ እውነት እንደሚምል አውቃለሁና። ከማለ ሰዉ እኔን ይጠይቃል።»

መመስከር እንደማስብ፣ የእሷም ነገር አብሮ እንደሚነሣ ነገርኳት። የሚመለሰው ግማሹ እንደሆነ ጨምሬ አስረዳኋት።

«ግማሹ ነበር የእኛ» አለች። «ሂድና ሁሉንም ንገራቸው። ያወረድኩትንም።»

ሰፌዱን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። በችካሉ አጠገብ አለፈችና አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ከወዲያ እንጨት ይፈለጣል።

«ቻላቸው» አለች።

መጥረቢያው ቆመ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ፣ አጠገቡ ካለው አጥር ሳይሆን ከሩቅ የተጠራ ይመስል፣ «ማነው?» አለ።

እናቴ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች።